ቢስ ያልኩ ዕለት

ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ወንበር የምቀይር ሴት ነኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ በእጄ ያለፈው ወረቀት ሁሉ ቀን፣ ቁጥርና ፊርማ ያለው ነበር፣ የማምነውም እንደዚያ ያለውን ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ሲያመኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ከሁለቱ ውጪ ያለውን ወሬ ለሚጥማቸው ትቼ ነው የኖርኩት። የምነግራችሁ ነገር በሌሊት የሆነ ቢሆን ሕልም ነው ብዬ እገላገለው ነበር፣ ነገር ግን በቀን ብርሃን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው በተቀመጠበት ነው የሆነው፣ ከዚያ ወዲህም ቤቴ ድረስ መጥቷል።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ከአብዮቱ በፊት፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ቆርቆሮዎቹ የሚባሉ አራት ወጣቶች ነበሩ፣ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ በአማርኛ የሚጫወቱ፣ ስሙን ያወጣላቸው የሚለማመዱበት ቤት ጎረቤት ነው ይባላል፣ በረዶ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ይመስላል ብሎ ተሳድቦ፣ እነሱም ስድቡን ወደውት ስማቸው አደረጉት። አፍሯቸው በበር አያልፍም፣ ሱሪያቸው ከጉልበት በታች ጃንጥላ ነው፣ ትልቅ ሰው ሲያያቸው ያማትባል፣ እኛ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ እነሱን ካየን በኋላ ሌላው ወንድ ወንድ አይመስለንም ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ዝምተኛ ነኝ፣ የሁለታችንንም ድርሻ የምትጮኸው ጓደኛዬ ሶስና ነበረች። ጊታር የሚመታው ፋንታሁን ይባላል፣ ሽቦ ነበር የምንለው፣ ቅጥነቱም ጊታሩም ያሰጡት ስም ነው።

አንዲት ዘፈን ነበረቻቸው፣ በጊታር ብቻ የምትጀምር፣ መግቢያዋ አሥራ ሰባት ምት ነው፣ ስለዚህ «አሥራ ሰባቷ» እንላት ነበር። ሽቦ አሥራ ሰባቱን አንድ በአንድ መትቶ እጁን ያነሣል፣ መብራቱ ወደ እኛ ይዞራል፣ ከዚያ የሚገባው ዘፋኙ አይደለም፣ አዳራሹ ነው፣ የመጀመሪያዋ ስንኝ የእኛ ነበረች። በኋላ ታይፕ ስማር ጣቴን ያፍታታሁት በዚያች መግቢያ ነው፣ አሥራ ሰባት ፊደል፣ ሳላይ፣ አስተማሪዬ የጻፍኩትን አንስተው ሲያዩት ምንም ቃል አልሆነላቸውም።

ሁለት ቃል ደግሞ ነበረን፣ የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት ልንገራችሁ። ዘፈን ሲጥመን «ቢስ! ቢስ!» እያልን እንጮኻለን፣ ይደገም ማለት ነው፣ ከፈረንጅ የመጣ ቃል ነው። ተጫዋቹ ሲደክም ደግሞ ከመሃላችን አንዱ «ይረፍ!» ይላል፣ ያኔ ጊታሩን አውርዶ እጅ ነሥቶ ይገባል፣ «ይረፍ» ሳይባል ከመድረክ አይወርድም፣ ደንቡ ይህ ነበር። እናቴ ግን ቢስን የምታውቀው በሌላ ነው፣ ከቤት ስወጣ «ቢስ አይይሽ» ብላ ትሸኘኛለች፣ ክፉ ነገር አይይሽ ማለቷ ነው፣ አንድ ቀን ከሶስና ጋር ስናወራ ሰማችንና «ቢስ አይይሽ ብዬ የምሸኛት ልጅ ሄዳ ቢስ ቢስ ስትል ታመሻለች?» አለችኝ፣ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። ሳቅንባት።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፣ አዳራሾቹ ተዘጉ፣ ቆርቆሮዎቹ ተበተኑ፣ እኔም ተቀጠርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ አሁን ጉርድ ሾላ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። ከአራቱ ዘፋኙ በስኳር በሽታ እግሩን ካጣ በኋላ ሞተ፣ የከበሮ መቺው ቀባሪ አንድ ሚኒባስ አልሞላም፣ ቤዝ የሚመታው የት እንደገባ የሰማ የለም። የወጣትነት ጀግና ሲያረጅ ማየት፣ ምን ልበላችሁ፣ በደህና ቀን ያሰፉትን ልብስ ከሳጥን አውጥቶ ብል በልቶት እንደማግኘት ነው፣ ማዘን ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣው መጸየፍ ነው።

ሽቦን ያገኘሁት ኢምፔሪያል አጠገብ፣ መድኃኒት ቤት ወረፋ ላይ ነው። የግፊት ኪኒኔን ልወስድ ቆሜ ከፊቴ ያለው ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርሱን በምላሱ ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሰ ቋ፣ ቋ ያደርገዋል፣ አጠገቡ መቆም ከብዶኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ፣ ማንነቱን ያወቅኩት መድኃኒት የምታድለው ልጅ ስሙን ከነአባቱ ስትጠራው ነው። ያ ቀጭን ሰው አብጧል፣ ጥፍሩ እንደ ቀንድ ወፍሮ ቢጫ ሆኗል፣ ጣቶቹ ገንዘብ ከኪስ ለማውጣት እንኳ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሃምሳ ዓመት አንድ ቃል ሳልናገረው የኖርኩትን ሰው በር ላይ ጠብቄ «የቆርቆሮዎቹ ሽቦ ነዎት» አልኩት።

«ማን ላከዎት? ፖሊስ ነው ወይስ የድሮ ሚስቴ?»

«ከአዳራሹ ነኝ» አልኩት፣ «ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ።»

ጥርሱን በእጁ ደገፍ አድርጎ ሳቀ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ቆሜ፣ ሚኪ የሚባል ፕሮሞተር የዛሬ ሳምንት እሑድ ቦሌ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ የቆርቆሮዎቹን መታሰቢያ ኮንሰርት እንዳዘጋጀ ነገረኝ። «እጄ አይታጠፍም ብዬ ብነግረው፣ ችግር የለም ፋዘር፣ በላፕቶፕ እንለቀዋለን፣ እርስዎ ጊታሩን ያዝ አድርገው ወዝወዝ ይበሉ አለኝ።»

«እና ሊወዘወዙ ነው?»

«የቀረኝ ወገቤ ነው።» ከዚያ ሳቁን አቆመ። «አንድ ነገር ልለምንዎ፣ ከመጡ ቢስ እንዳይሉ። ልጆቹ ቃሉን አያውቁትም፣ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። እኔ ቢስ ተብዬ እምቢ ብዬ አላውቅም፣ ወባ ይዞኝ እንኳ ተጫውቻለሁ። ያን ቀን ብትሉኝ እንደማልችለው እያወቅኩ እሞክረዋለሁ። በሰው ፊት አያዋርዱኝ።»

«አልልም» አልኩት።

«ይማሉ?»

«አልምልም። ካልኩ አልኩ ነው።»

እሑድ ከሶስና ጋር ሄድን። ሶስና ሳሊተ ምሕረት ነው የምትኖረው፣ ጆሮዋ ከከዳት ቆይቷል፣ ያለ ማዳመጫ መሣሪያዋ ጥሩንባ ቢነፉባት አትሰማም፣ ያን ቀን ከንፈሯን ቀይ ተቀብታ መጣች፣ ቀለሙ በከንፈሯ ሽብሽብ ገብቶ ወደ አፍንጫዋ ይወጣል። አዳራሹ ግድግዳው በማስታወቂያ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ በጊታር ቅርጽ የተጋገረ ትልቅ ኬክ አለ፣ ከኋላ በኩል ጥሬ ሥጋ ተሰቅሎ ይቆረጣል፣ የሥጋው ሽታ ከሴቶቹ ሽቶ ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫዬ ገባ፣ ሰው እያጎረሰና እያጨበጨበ የሞቱትን የሦስቱን ልጆች ፎቶግራፍ በትልቅ ስክሪን ያያል። ቤዝ መቺውንም ከሞቱት ጋር ደምረውታል፣ ማን አጣርቶ እንደሆነ አላውቅም።

ሽቦን አወጡት። ፊቱን ዱቄት ነስንሰውበታል፣ ራሱ ላይ የፕላስቲክ አፍሮ ደፍተውበታል፣ ሱሪው ከሆዱ ሥር በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። የጊታሩ ገመድ የትም አልተሰካም፣ ጫፉ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፣ ከፊት ስለተቀመጥን አይቼዋለሁ። ላፕቶፑ አሥራ ሰባቷን ለቀቀ፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተቀዳችው ራሷ ናት፣ ሽቦም ተወዛወዘ፣ እስከዚህ ድረስ አዘንኩለት እንጂ አልከፋኝም። ነገር ግን ጭብጨባው ሲመጣ አመነው። ዓይኑን አይቻለሁ፣ የተጫወተው እሱ መሰለው፣ ጊታሩን በወገቡ ገፋ ገፋ አደረገ፣ የልጅ ልጁ ለምትሆን አንዲት ልጅ ምላሱን አወጣላት፣ ዱቄቱ በላብ ተቦክቶ በአንገቱ ይወርዳል፣ ያኔ ሊያስመልሰኝ መስሎኝ መሐረቤን አወጣሁ፣ የወጣው ግን ቃል ነው።

«ቢስ» አልኩ።

ጮክ ብዬ አይደለም። አድናቆትም አልነበረበትም፣ እስቲ በራስህ እጅ እንይህ ማለቴ ነበር፣ ይህን ከማንም በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ተቀበለኝ፣ ከዚያ ሶስና፣ ከዚያ ሽበት ያለው ሁሉ «ቢስ! ቢስ!» አለ። ሚኪ ማይኩን ይዞ «ምንድነው የሚሉት፣ ቢዝነስ ነው?» ብሎ ወጣቶቹን አሳቃቸው። ሽቦ አልሳቀም፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቀጥታ ወደ እኔ ነው ያየው።

«ዝጋው» አለው ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠውን ልጅ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን እስኪሰካ ብዙ ጊዜ ፈጀ፣ ወንበር ሳበ፣ አፍሮውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ እንደ ድመት አስቀመጠው፣ ራሱ መላጣ፣ በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ ነው። ጀመረ። እኔ በጣቴ ቦርሳዬ ላይ እቆጥራለሁ። አራቱ ልክ ናቸው፣ አምስተኛው ተንሻፈፈ፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠነኛው ላይ ክሩ ተበጠሰና ጣቱን ገረፈው። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ጠባው። ስልክ ያለው ሁሉ ይቀርጸዋል። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ «ይረፍ» የምትል፣ አንድ ሰው ቢላት ያልቅ ነበር፣ ሽበታሙ ሁሉ ግን አፉን ዘግቶ ተቀመጠ፣ እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ፣ በሩ ጋ ስደርስ ላፕቶፑ እንደገና ተከፈተ።

ሐሙስ ጠዋት ሶስና ደወለችልኝ። «ሽቦ አረፈ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ደረስን። ቤቱ ከኢምፔሪያል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፣ እህቱ ጽጌ ዘንድ ነበር የሚኖረው፣ ድንኳኑ በራፏ ላይ ተጥሏል። ሚኪ ቀድሞን ደርሷል፣ ሽቦን ከነፕላስቲክ አፍሮው ያነሣበትን ትልቅ ፎቶ በድንኳኑ መግቢያ ሰቅሏል፣ ድምፅ ማጉያ አቁሞ ዘፈኖቹን ዝግ አድርጎ ለቋል፣ ማጉያው በየመሃሉ ሲጮኽ ሶስና ጆሮዋን አሳምሟት ማዳመጫዋን አውጥታ በመዳፏ ያዘችው። ጽጌ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፣ ያልተማረች፣ ደግ ሴት ናት።

«የድሮ ወዳጆቹ ናችሁ አሉኝ፣ እትዬ» አለችኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከዚያ ኮንሰርት ከመጣ ወዲህ አልጋ ላይ ተኝቶ ጣቱን ብርድ ልብሱ ላይ ያንቀሳቅሳል፣ አራቱንም ቀን፣ ይጀምርና ያቆማል፣ ይጀምርና ያቆማል። ተው እረፍ ስለው፣ ቢስ ተብያለሁ ይለኛል። ቢስ አይቶት ነው ብዬ ጸበል አመጣሁለት፣ ፊቱን ረጨሁት፣ እሱ ግን እሷ አልተሳሳተችም ብሎ ሳቀ። እሷ ማን ናት? ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አልኳት።

በለቅሶ ቤት ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። «ጸበሉ ጥሩ ነው» ብዬ ጨመርኩበት፣ ይህንንም ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ጽጌ ያረጀ ቃላችንን ከክፉ ነገር ጋር ማምታታቷ ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈገግ ያሰኘኝ ነበር፣ እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ፈገግ አላልኩም።

አሥር ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። ማጉያው ጸጥ አለ፣ ሚኪ ጄኔሬተር ፍለጋ ወጣ፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የወንበር ድምፅና ሳል ብቻ ነበር። በዚያ መሃል አንድ ምት ተሰማ። ጊታር ነው፣ በማጉያ የሚያልፍ የጊታር ድምፅ፣ ንጹሕ፣ ቅርብ፣ ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚነካው የሚመስል። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስተኛው ተንሻፈፈ፣ ልክ መድረክ ላይ እንደተንሻፈፈው። ሰዉ ስልኩን እያወጣ ያያል፣ አንዱ ሌላውን «ያንተ ነው» ይላል። ስምንት። ዘጠኝ፣ ከዚያ አንድ ነገር ጥ ብሎ ተበጠሰና ዝም አለ።

ሶስና ክንዴን ያዘችኝ። ማዳመጫዋ አሁንም መዳፏ ውስጥ ነው፣ ባትሪውን ሳይቀር አውጥታዋለች፣ ዓይኔ አይቶታል።

«ዘጠነኛው ላይ ቆመ» አለችኝ። «ከበቡሽ፣ ለምን ቆመ?»

ጽጌን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ እሑድ ቤቴ ነበርኩ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ መነጽሬን እየጠረግሁ። ከሳሎኔ ነው የመጣው፣ ከመንገድ አይደለም፣ ከላይኛው ፎቅም አይደለም፣ ላይኛው ፎቅ ከፋሲካ ጀምሮ ባዶ ነው፣ ወጥቼ በሩን ሞክሬዋለሁ፣ ተቆልፏል። በጣቴ ቆጠርኩ። ዘጠነኛው ላይ አልቆመም፣ አሥረኛውን መታ፣ ከዚያ ተበጠሰ። በሳምንቱ አሥራ አንድ ሆነ። እሑድ እሑድ፣ በአሥር ሰዓት፣ አንድ አንድ እየጨመረ። ይህን ስነግራችሁ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ ጆሮዋ ነው ትላላችሁ፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው፣ ከሥሬ የምትኖረው ሕሊና የምትባል ልጅ ደረጃ ላይ አስቁማ ባትጠይቀኝ ኖሮ።

«እማማ፣ ሲሪየስሊ ጊታር መማር ጀመሩ እንዴ? እሑድ እሑድ እየሰማሁዎት ነው እኮ፣ በጣም ኢምፕሩቭ አድርገዋል።»

«ሬዲዮ ነው» አልኳት። ሬዲዮ የለኝም።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፣ ከቢስ በስተቀር ሁሉን ነገርኳቸው፣ «ጸሎት አድርጊ፣ ቤቱን ጸበል ርጪ» አሉኝ፣ ረጨሁ። አርባው ወጣ፣ ጽጌ ሠርታ ጠራችን፣ ያኔ ይቆማል ብዬ ነበር፣ ከአርባው በኋላ በነበረው እሑድ ግን እንደወትሮው መጣ። መፍትሔውን ግን ሶስና ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነግራኝ ነበር፣ በስልክ፣ ስለማትሰማ እየጮኸች።

«ይረፍ በይው! ደንቡን ረሳሽው እንዴ? አንቺ ነሽ ያስጀመርሽው፣ ካንቺ አፍ ካልሰማ አይወርድም።»

«እለዋለሁ» አልኳት።

አላልኩትም። የመጀመሪያዎቹን እሑዶች ደንግጬ ነው፣ ምላሴ አልታዘዝ ብሎኝ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ድንጋጤ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። በአራተኛው እሑድ አሥራ ሦስተኛውን መታ፣ ያቺን ከፍ የምትለውን፣ በወጣትነታችን ሁላችንም ትንፋሻችንን የምንይዝባትን፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ እጁ ሃያ ዓመት የሆነው ይመስላል፣ አምስተኛውም ከዚያ ወዲህ አልተንሻፈፈም። ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች፣ ዋጥኳት። የሚቀጥለውን ልሰማ ፈለግሁ። መድረክ ላይ ምላሱን ያወጣው ሽማግሌ አስጠልቶኝ ነበር፣ ነገር ግን የሞተን ሰው ጣት እያስለፋች፣ በየሳምንቱ እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጸጉሯን አበጥራ ወንበር ላይ የምትጠብቀው ሴት ከሱ ይልቅ ትቀፋለች፣ በመስተዋቱ ፊት ሳልፍ ፊቴን አላይም።

ባለፈው እሑድ አሥራ ስድስት ደረሰ። ነገ እሑድ ነው። አሥራ ሰባተኛው ከተመታ በኋላ የሚሆነውን አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ፣ እሱ እጁን አንሥቶ ይጠብቃል፣ የምትቀጥለው ስንኝ የእሱ አይደለችም፣ የአዳራሹ ናት፣ ቤቴ ውስጥ ደግሞ ከእኔ ሌላ አዳራሽ የለም። «ይረፍ» ለማለት ወስኛለሁ፣ ይህን የምጽፈውም ወስኛለሁ ለማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ብርጭቆ ሳጥብ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ መሆኔን ነቃሁበት። አንዴ፣ ከዚያ እንደገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልክ መብራቱ ወደ እኛ ከመዞሩ በፊት እናደርገው እንደነበረው። ጉንፋን አልያዘኝም።